እጅና ዓይን

ሙያ መምረጥ የግል ጉዳይ ነው ይባላል። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ምርጫው ከአንድ ወጣት ዝንባሌ ይጀምራል፤ የሚፈተነው ግን ለኅብረተሰቡ በሚሰጠው አገልግሎት ነው። አኒሜሽን የሚባለው በሥዕል የሚሠራ ፊልምና የኮምፒዩተር ጨዋታ ንድፍ ይህን ሐቅ ከብዙ ሙያዎች ይበልጥ አጉልተው ያሳያሉ። ከተመልካቾቻቸውና ከተጫዋቾቻቸው ብዙዎቹ ሕፃናት ናቸውና። ሕፃን ያየውን አይመረምርም፤ ያምነዋል። ስለዚህ «ምን ልማር?» የሚለው የወጣቱ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ አዝሏል፤ ይኸውም «ለማን፣ ምን ላሳይ?» የሚለው ነው።

ሙያው በባሕርይው ትዕግሥትን ይጠይቃል። ፊልም በአንድ ሴኮንድ 24 ምስሎችን ያሳልፋል። እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ጊዜ እንዲታይ ቢደረግ እንኳ ለአንድ ሴኮንድ 12፣ ለአንድ ደቂቃ 720 ሥዕሎች ያስፈልጋሉ። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ሊወጣው ስለማይችል ሥራው ተከፋፈለ። ዋናው ሠዓሊ የእንቅስቃሴውን መነሻና መድረሻ ይሥላል፤ በመካከል ያሉትን ሥዕሎች ረዳቶቹ ይሞላሉ። እንግዲህ ክፍፍሉ ሁለት ዓይነት ሠራተኛ ፈጠረ፤ አንዱ የሚያስብ ዓይን፣ ሌላው የሚያስፈጽም እጅ።

ክፍፍሉ ከአንድ የሥራ አዳራሽ አልፎ በአገሮች መካከልም ተዘርግቷል። የአሜሪካ የቴሌቪዥን ፊልም ሠሪዎች ብዙውን የእጅ ሥራ ጉልበት ርካሽ ወደ ሆነባቸው የእስያ አገሮች ላኩት። እ.ኤ.አ. በ1989 የተጀመረው «ዘ ሲምፕሰንስ» ታሪኩ በሎስ አንጀለስ እየተጻፈ አብዛኛው ሥዕሉ በደቡብ ኮሪያ ሲሠራ ኖሯል። ኮሪያውያኑ ሠዓሊዎች በዚህ እንጀራ አገኙ፤ ልምድም አካበቱ። ይሁን እንጂ የሣሉት ቤት፣ ያንቀሳቀሱት ቀልድ የሌላ ሕዝብ ነበር። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የገዛ አገራቸው ትንሽ ፔንግዊን «ፖሮሮ» በሕፃናቱ ዘንድ ታላቅ ፍቅር ሲያተርፍ፣ እጅ ያጠራቀመው ችሎታ ዓይን ሲጨመርበት ምን እንደሚያፈራ ታየ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሚዛናዊ ነው። ለሌላው ተቀጥሮ መሥራት ነውር አይደለም፤ ድልድይ ነው። ነገር ግን ድልድይ ላይ ጎጆ አይቀለስም።

ታዲያ ወደ ዓይን የሚያደርሰው ትምህርት የትኛው ነው? ጃፓናዊው ሀያኦ ሚያዛኪ በዩኒቨርሲቲ ያጠናው ፖለቲካና ኢኮኖሚ ነበር። «ዶንኪ ኮንግ» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ1981 ያበረከተው ሺገሩ ሚያሞቶ የተማረው የኢንዱስትሪ ንድፍ ነው። በአፍሪካ የአኒሜሽን ፊልም ቀዳሚ ከሆኑት አንዱ፣ የኒጀሩ ሙስጠፋ አላሳን፣ በመካኒክነት የሠለጠነ ሰው ነበር። ይህ ሲባል ግን ትምህርት አያስፈልግም ማለት አይደለም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1932 ሥራ ላይ ለነበሩት ሠዓሊዎቹ ዶን ግራሃም የተባለውን የሥዕል መምህር አምጥቶ ሕያው አካልን እያዩ መሣልን እንዲያስተምራቸው አድርጓል። ከ5 ዓመት በኋላ «ስኖው ዋይት» ለሕዝብ ቀረበች። ሠዓሊዎቹ እርሳስ አያያዝ አልጎደላቸውም ነበር፤ የጎደላቸው ማየት ነበር። መሣሪያ ያረጃል፤ የሰውነትን ክብደት፣ የቁጣን አነሳስ፣ የሐዘንን ዝግታ ለይቶ ማወቅ ግን አያረጅም።

ወደ ኢትዮጵያ ሲመጣም ጉዳዩ ባዶ ሜዳ ላይ የሚጀመር አይደለም። ንግሥተ ሳባ ወደ ሰሎሞን ያደረገችውን ጉዞ በተርታ ሳጥኖች ከፋፍሎ የሚተርከው ባህላዊ ሥዕል፣ ታሪክን በምስል ቅደም ተከተል የማስኬድ ጥበብ ነው። ገበጣም ጥቂት ጉድጓዶች፣ ጥቂት ጠጠሮችና አንድ ጥብቅ ሕግ ሆኖ ሳለ የጨዋታ ንድፍን ምንነት ያለ ኮምፒዩተር ያስተምራል። አቶ አለ ፈለገ ሰላም በቺካጎ ተምረው ከተመለሱ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1957 በአዲስ አበባ የመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለትውልዶች የዓይን ማሠልጠኛ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2005 በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን መታየት የጀመረው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ደግሞ በቀጭኔ አሻንጉሊት አማካይነት ሕፃናትን በአማርኛ አስተምሯል። ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችው ብሩክታዊት ጥጋቡ ወደዚህ ሥራ የመጣችው ከመምህርነት ነው። ልጆችን ማወቋ ከማንኛውም መሣሪያ የቀደመ ዕውቀት ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ጠንካራ ተቃውሞ ይነሣል። ልጇን በችግር ያስተማረች እናት «ዓይን እንጀራ አይጋግርም» ብትል ማን ይፈርድባታል? ለድኃ ልጅ እንጀራን ናቅ ብሎ መስበክ የጠገበ ሰው ምክር ነው። ሆኖም የዛሬው ጊዜ ክርክሩን ለውጦታል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ በጥቂት ቃላት ትእዛዝ ሥዕል የሚያወጡ የኮምፒዩተር መሣሪያዎች በሕዝብ እጅ ገብተዋል። እነዚህ በቀዳሚነት የሚሻሙት ደግሞ የታዘዘውን ብቻ የሚፈጽመውን እጅ ነው። ትናንት የአንድን ፕሮግራም አጠቃቀም ማወቅ ለእንጀራ ዋስትና መስሎ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ብቻውን የቆመ እንደሆነ የመጀመሪያው ተጋላጭ ሆኗል። እናትየዋ የፈራችው ረኃብ በየትኛው በር እንደሚገባ ደግማ ልታስብ ይገባል።

ስለሆነም ወጣቱ ከእጅና ከዓይን አንዱን እንዲጥል ሊጠየቅ አይገባም። እጁን ያሠልጥን፤ በእርሱ ይደር። የሚማርበትን ቤት ሲመርጥ ግን የኮምፒዩተሮቹን ብዛት ከመቁጠር አስቀድሞ አካልን እያዩ መሣል፣ ተረትና ታሪክ፣ የልጆች ሥነ ልቡና ይሰጥ እንደሆነ ይጠይቅ። መምህሩም ደብተሩ ጠርዝ ላይ የሚሥለውን ተማሪ ከመገሠጹ በፊት ሥዕሉን ይመልከት፤ በገጾቹ መገለጥ የሚሮጥ ፈረስ እዚያ ሊኖር ይችላልና።