«እኔን!»

ሰው ሲደናቀፍ ስናይ ከአፋችን የምታመልጥ ቃል አለች፤ «እኔን!» የምትል። ላሰባት ሰው ከባድ ናት፤ «አንተን ከሚደፋህ እኔን ይድፋኝ» ማለት ነው። ለማናውቀው መንገደኛ ሳይቀር እንላታለን።

አክስቴ የወደቀች ዕለት ይህቺ ቃል እንደ ዝናብ ወረደችላት። ሰማንያን ከተሻገረች ቆይታለች። ፈረስ መጋላ ካለው መድኃኔዓለም ተሳልማ በመኪና ግርግር ትወርድ ነበር። (ወደ ግዲር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የልብስ ሰፊዎቹ መኪና ድምፅ ነው።) ድንጋዩ አዳለጣት። ሰፊዎቹ ሥራቸውን ጥለው ተነሡ። አንዱ በቀኝ ብብቷ፣ አንዱ በግራዋ ገብተው በቅጽበት አቆሟት። ውሃ መጣ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ መጣ። «እማማ፣ የቱ ጋ አመመዎት?» የሚለው ጥያቄ ግን መጨረሻ ላይ ነው የመጣው።

እግዜር ይስጣቸው፤ እኔም ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። የወደቀ ሽማግሌ መሬት ላይ ማየት አንችልም። ሐኪሞች ግን አትቸኩሉ ይላሉ። መጀመሪያ አጠገቡ ቁጭ ብላችሁ አናግሩት። ዳሌውን ካመመው፣ አንድ እግሩ አጥሮ ወደ ውጭ ከዞረ፣ ተሰብሮ ይሆናልና አታንቀሳቅሱት። ራሱን ከተመታና ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ደህና ቢመስልም ሐኪም ይየው። ደህና ከሆነም ወንበር አቅርቡለትና ተንበርክኮ፣ እሱን ይዞ በራሱ ጉልበት ይነሣ። ወጌሻ ጋ ከመሮጥም በፊት ራጅ ይቅደም፤ አጥብቆ የታሰረ ስብራት እግር እስከማሳጣት ይደርሳል።

አክስቴ አልተሰበረችም። የእጇ አንጓ አብጦ ዳነ። ጉዱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጆቿ ከአዲስ አበባም ከካናዳም ደወሉ፤ በስልክ ተሰብስበው ወሰኑ። ብቻዋን ከቤት እንዳትወጣ። ቤተ ክርስቲያን በሬዲዮ ትስማ። የበሩ ቁልፍ ሠራተኛዋ ዘንድ ይሁን። እውነት ለመናገር እኔም በስብሰባው ነበርኩ፤ እሷ ግን አልነበረችም።

ከጥቂት ወራት በኋላ ልጠይቃት ሄጄ ጉልበቷ በልዞ አየሁ። «ምንም አይደል» አለች። ሠራተኛዋ ኋላ በሹክሹክታ ነገረችኝ፤ ሌሊት ሌሊት ሁለት ጊዜ ወድቃለች፤ አንዴ እስኪነጋ ወለሉ ላይ ቆይታለች። ለምን አልተጣራሽም ብላት ያለችኝን አልረሳውም፤

«ብነግራችሁ ደግሞ ምን ልትወስዱብኝ?»

የካናዳዋ ልጇ ፍርሃት ከንቱ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንደገለጸው በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰዎች በመውደቅ ይሞታሉ፤ በብዛት የሚሞቱትም ከስድሳ ዓመት በላይ ያሉት ናቸው። የጁገል ቁልቁለትና ድንጋይም ለአርጅ ጉልበት አይራራም። ነገር ግን አእምሮዋ የተሟላ ሰው፣ መድኃኔዓለምን ለመሳለም ስትል አደጋውን ብትቀበል፣ እኛ ማን ሆነን ነው የምንከለክላት? ልጅ እያለን ከዛፍ ስንወድቅ ቁስላችንን አጥባ መልሳ ለቀቀችን እንጂ አላሰረችንም። እናስብላት ከተባለም የተደበቀ ውድቀት ከተነገረው ይብሳል። ወለል ላይ ሰዓታት መቆየት ብቻውን ሰውነትን ይጎዳል፤ ምክንያቱም ሳይታወቅ ይቀራል። የእሷ ምክንያት ሲመረመር ቀላል ሆኖ ተገኘ፤ የደም ግፊት ክኒኗ በዝቶ ኖሮ ከአልጋ ስትነሣ ዐይኗን ይጋርዳታል። ሐኪሙ መጠኑን ቀነሰላት። ይህን የሚጠይቃት ሰው ብቻ ነበር የጎደለው።

ልጆቿን ለማሳመን ሁለት ሳምንት ፈጀ፤ ከአንደኛው ጋር ዛሬም ተኮራርፈናል። ቁልፉ ተመለሰላት። ከዘራም ገዛንላት፤ ሳትወደው ትይዘዋለች።

ባለፈው እሑድ ደወለች። «ደረጃው ላይ ወደቅሁ» አለች፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም።

«እኔን! የቱ ጋ አመመሽ?»

«ቆይ፣ ልንገርህ» አለችና ከጠዋቱ ጀምራ ተረከችልኝ።