ጆሮ ዳባ ልበስ

እኛ ዘንድ «ጆሮ ዳባ ልበስ አለ» ሲባል ወቀሳ ነው፤ እየሰማ እንዳልሰማ የሆነ ማለት ነው። እንግዲህ ሰው በተመስጦ ተቀምጦ ጆሮውን ለዓለም ድምፅ ቢዘጋስ? ቅድስና ነው ወይስ ያው ዳባ? በዚህ ነገር ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ዶርም ውስጥ ስንጨቃጨቅ አመሸን፤ ክርክሩ አለቀቀኝም።

ሰው ነቅቶ ዘና ብሎ ሲቀመጥ በአንጎሉ ላይ በሴኮንድ ከ8 እስከ 13 ጊዜ የሚመላለስ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይታያል፤ አልፋ ይሉታል። ድንገት «ቋ!» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሞገዱ ይቋረጣል። ድምፁ ሲደጋገም ግን አንጎል ይለምደዋል፤ መቋረጡም እያጠረ ይሄዳል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ሕንዳዊው አናንድና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ በጥልቅ ተመስጦ ላይ የነበሩ ዮጊዎች አጠገብ ኃይለኛ ድምፅ ተሰማ፤ በጋለ የብርጭቆ ቱቦ ሳይቀር ተነኩ። አልፋው ንቅንቅ አላለም። በ1966 ደግሞ ካሳማትሱና ሂራይ የተባሉ ጃፓናውያን ለዜን መነኮሳት አንድ ዓይነት አጭር ድምፅ በ15 ሴኮንድ ልዩነት ሃያ ጊዜ እንዳሰሙ ጻፉ። ተመስጦ የማያውቁት ሰዎች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ለመዱት። መነኮሳቱ ግን ሃያኛውንም እንደ መጀመሪያው ሰሙት።

ልዩነቱን ልብ በሉልኝ። አንዱ በሩን ዘጋ፤ ሌላው በሩን ከፍቶ አንዱን እንግዳ ሃያ ጊዜ ተቀበለ። ሁለቱም ተመስጦ ይባላል!

ጓደኛዬ ዮጊውን ያደንቃል፤ «ነፃ የወጣ ሰው እሱ ነው» ይላል። እኔ ከመነኩሴው ጋር ነኝ። ምክንያቴም ሩቅ አይደለም። ከግቢው በር ላይ «ስለ እናታችሁ» እያሉ የሚለምኑ አንድ አባት ነበሩ። አንደኛ ዓመት ስንገባ ድምፃቸው እግራችንን ይይዘው ነበር፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ እያወራን እናልፋቸው ጀመር። የእሳቸው ድምፅ እኮ አልቀነሰም። ባለፈው ወር ከበሩ ጠፉ፤ መቼ እንደቀሩ ከመካከላችን የሚያውቅ አልተገኘም። ክፋት ነው አልልም። አንጎላችን ሥራውን ሠራ። ግን ይህን ብሎ ነፃ መውጣት ይቻላል እንዴ?

«ታዲያ ሐኪም የበሽተኛውን ሁሉ ጩኸት እንደ አዲስ ቢሰማ እጁ አይንቀጠቀጥም?» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ለዚህ ጥሩ መልስ የለኝም። ሐኪሙ ግን የሚለምደው እጁ እየሠራ ነው። የእኛ እጅ ኪሳችን ውስጥ ነበር።

በመጨረሻም ያልጠበቅሁትን አመጣብኝ። በ1981 ቤከርና ሻፒሮ የተባሉ ተመራማሪዎች የዜን፣ የዮጋና የሌላም ተመስጦ ተከታዮችን ከተራ ሰው ጋር አወዳድረው፣ ሁሉም ድምፁን በአንድ ዓይነት እንደለመዱት አገኙ። «መነኩሴህ ወደቀ!» ብሎ ሳቀ። ይውደቅ። የተለካው ሞገዱ ነው፤ ድምፁ ከገባ በኋላ ሰውየው ቆም ይበል አይበል በወረቀቱ ላይ አልተጻፈም። ያንን የሚመዘግብ መሣሪያ በግቢያችን በር ላይ ተተክሎ ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ራሴ በስንተኛው ቀን ሳልቆም ማለፍ እንደጀመርኩ ማየት እፈልግ ነበር።