ለተጠባባቂው ቦታ ማን ይገባዋል?

ዛሬ የምናነሳው ጥያቄ ከኳስ ሜዳ የመጣ ነው። ይሁን እንጂ ከሜዳው መስመር ውጭ ብዙ ርቆ የሚሄድ ስለሆነ፣ ኳስ የማይወድ አንባቢም ታግሶ እንዲያነበን እንለምናለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም ከወዲሁ እናሳስባለን።

ነገሩ እንዲህ ነው እንበል። አንድ ቡድን አንድ ማልያ ቀርቶታል። የቀረው የተሰላፊ ማልያ አይደለም፤ የተጠባባቂ ነው። ለዚህች ማልያ ሁለት ሰዎች ቀርበዋል። አንደኛው ዕድሜው ወደ 40 የተጠጋ፣ በደጉ ጊዜ በከተማው ቡድን ተሰልፎ የተጨበጨበለት አንጋፋ ነው። ሁለተኛው ገና 17 ዓመት ያልሞላው፣ እግሩ የፈጠነ፣ ብልሃቱ ግን ያልበሰለ ልጅ ነው። ቡድኑ ማንን ይውሰድ?

በየሠፈራችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት ዓይነት መልስ ሲሰጥ እንሰማለን። አንዱ ወገን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ይላል። ሌላው ወገን ደግሞ «ልጁ ዛሬ ካላቦካ ነገ ማን ያቦካል?» ሲል ይመልሳል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ጥያቄው ክብደት የሚያገኘውም በዚሁ ነው፤ እውነት ከሐሰት ጋር ቢጣላ ኖሮ ፍርዱ ቀላል ነበር፤ እዚህ ግን የተጣሉት ሁለት እውነቶች ናቸው።

እንግዲህ በመጀመሪያ የሌላውን ዓለም ተሞክሮ እንይ። በቅርጫት ኳስ ውስጥ ኳሱን ከኋላ እያነጠረ አምጥቶ፣ ጓደኞቹን በየቦታቸው አሰልፎ ጨዋታውን የሚያደራጅ አንድ ተጫዋች አለ። እሱ ሲደክም ወይም ሲጎዳ የሚተካው ሁለተኛ አደራጅ ያስፈልጋል። በ2012 በአሜሪካ የኦክላሆማ ሲቲ ቡድን ሁለተኛው አደራጅ ኤሪክ ሜይነር በጉልበት ጉዳት ወጣ። ቦታው ላይ ሬጂ ጃክሰን የተባለ የመጀመሪያ ዓመት ወጣት ይሞከር ነበር። ቡድኑ ግን በመጋቢት ወር ዴሪክ ፊሸርን አስፈረመ። ፊሸር የ37 ዓመት ሰው ሲሆን፣ ከሎስ አንጀለስ ሌከርስ ጋር አምስት ጊዜ ዋንጫ ያነሣ ነው። የቡድኑ ዋነኞች ዱራንትና ዌስትብሩክ ያን ጊዜ የ23 ዓመት ልጆች ነበሩ። ቡድኑ በዚያው ዓመት እስከ ፍጻሜው ደርሶ በማያሚ 4 ለ 1 ተሸነፈ። ወጣቱ ጃክሰን ግን ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ታሪኩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ «አንጋፋው ረዳ፣ ልጁ ተበደለ» ብለን እናልፍ ነበር። ሆኖም በ2013 ዌስትብሩክ በዋናው ውድድር መካከል ጉልበቱን ተጎዳ። የዚያን ጊዜ ተሰላፊ ሆኖ የገባው ማን ነበር? ፊሸር በቡድኑ ውስጥ ነበረ፤ የገባው ግን ጃክሰን ነው። ከዚህ የምንረዳው፣ የአንጋፋው መምጣት የልጁን ዕድል አዘገየው እንጂ አልገደለውም። በጎ ቡድን ማለት አንዱን ለዛሬ፣ ሌላውን ለነገ ማኖር የሚችል ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ እናገኛለን። ለ2024ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ የኢትዮጵያ የወንዶች ማራቶን ቡድን ሲመረጥ፣ ሦስቱ ተሰላፊዎች ሲሳይ ለማ፣ ቀነኒሳ በቀለና ደሬሳ ገለታ ነበሩ። ታምራት ቶላ በተጠባባቂነት ተያዘ። ታምራት እንግዲህ ጀማሪ አልነበረም፤ በ2022 የዓለም ሻምፒዮን፣ በ2023 ደግሞ የኒውዮርክ ማራቶን አሸናፊ የሆነ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው «ተጠባባቂ ነህ» ሲባል ቅር ብሎት ልምምዱን ቢያቆም ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን አላቆመም። ውድድሩ ሊደርስ ጥቂት ጊዜ ሲቀረው ሲሳይ በጉዳት ወጣ፣ ታምራት ገባ። ነሐሴ 10 ቀን 2024 ዳገት የበዛበትን የፓሪስ ጎዳና በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ጨርሶ ወርቁን ከኦሊምፒክ ክብረ ወሰን ጋር ወሰደ።

ብዙዎቻችን ይህን ታሪክ የምናወሳው ስለ ዕድል ነው። እኛ ግን ስለ ዕድል ነው አንልም። ዕድል ወደ ተጠባባቂው ደጅ መጥቶ ሲያንኳኳ፣ ለብሶ ታጥቆ ያገኘው በመሆኑ ነው ታሪኩ ታሪክ የሆነው። የተጠባባቂ ዋና ሥራው ያልተጠራበትን ቀን እንደተጠራ ቆጥሮ መኖር ነው። ይህ ሥራ ከመሰለፍ ይከብዳል፤ ምክንያቱም የተሰለፈ ሰው ድካሙን ሕዝብ ያይለታል፣ የተጠባባቂን ድካም ግን ከራሱ በቀር የሚያየው የለም። አንጋፋ ሰው ለዚህ ቦታ ይሻላል የሚያሰኘው ትልቁ ምክንያት ይህ ነው። ጭብጨባን ጠግቦ ያለፈ ሰው፣ ያለ ጭብጨባ መሥራትን ከልጁ ይልቅ ሊችል ይገባዋል።

ይገባዋል አልን እንጂ ይችላል አላልንም። ጭብጨባ የለመደ ሰው ደግሞ ያለ ጭብጨባ መኖር አቅቶት ቡድን ሲያውክም ይታያል። ስለዚህ መለኪያው ዕድሜ ሳይሆን ጠባይ ነው።

በዚያው በፓሪስ የተሰለፈው ቀነኒሳ 42 ዓመቱ ነበር፤ የጨረሰውም 39ኛ ሆኖ ነው። ይህን ይዞ «ድሮስ ሽማግሌ መላክ ምን ይሉታል» የሚል አይጠፋም። ጅብ ካለፈ ውሻ ጮኸ ይሏል ይህ ነው። ቀነኒሳ የተመረጠው ለድሮ ዝናው ጡረታ ተቆርጦለት አይደለም። በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር በለንደን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ ከ15 ሰከንድ ሮጦ ሁለተኛ ወጥቶ ነበር። ምርጫ የሚመዘነው በመረጡበት ቀን በታወቀው ነገር ነው። ውጤት የምርጫ ዳኛ ቢሆን ኖሮ፣ ታምራትን ተጠባባቂ ያደረገው ውሳኔም ጥፋት ይባል ነበር። ሰው የነገን ሳያይ ይመርጣል፤ የሚጠየቀውም ዛሬ በእጁ ያለውን ማስረጃ በቅንነት መመልከቱን ነው።

ከዚህ አንድ ደንብ እናወጣለን፦ አንጋፋ ሰው ቦታ የሚሰጠው ለነበረው ሳይሆን ላለው ነው። ማሞ ወልዴ በ1968 በሜክሲኮ አበበ ቢቂላ በጉዳት ውድድሩን ሲያቋርጥ፣ በ36 ዓመቱ የማራቶኑን ወርቅ ለኢትዮጵያ አስቀረ። በ1972 በሙኒክ ደግሞ በ40 ዓመቱ ነሐስ አገኘ። የካሜሩኑ ሮዤ ሚላ ከብሔራዊ ቡድን ከተሰናበተ በኋላ በፕሬዚዳንት ፖል ቢያ ጥሪ ተመልሶ፣ በ1990 የዓለም ዋንጫ በ38 ዓመቱ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ 4 ግብ አገባ፤ ካሜሩንም ሩብ ፍጻሜ የደረሰ የመጀመሪያው የአፍሪካ ቡድን ሆነች። እነዚህ ሰዎች ትናንትን ተርከው ሳይሆን ዛሬን ሠርተው ነው የተከበሩት።

ክብርስ? ክብር ከቦታ ጋር የሚምታታበት ጊዜ ብዙ ነው። በ2004 በአቴንስ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ላይ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ከተረከዙ ጅማት ሕመም ጋር ይሮጥ ነበር። የ22 ዓመቱ ቀነኒሳና ስለሺ ስህን ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀር ዘወር እያሉ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፤ ሊጠብቁት ሞከሩ። ያን ያየ ኢትዮጵያዊ ልቡ ተነክቷል። ሆኖም መድረስ እንደማይችል ሲታወቅ ሁለቱ ወደ ፊት ወጡ፤ ቀነኒሳ ወርቅ፣ ስለሺ ብር አገኙ፣ ኃይሌ 5ኛ ሆኖ ጨረሰ። በእኛ አስተያየት ሁለቱም ድርጊቶች ትክክል ነበሩ። መጠበቃቸው ክብር ነው፤ መሄዳቸው ደግሞ አደራ ነው። እስከ መጨረሻው ቢጠብቁ ኖሮ ክብሩ ሁሉንም ያስከስር ነበር፤ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንደሚባለው። ለአንድ ዙር እንኳ ሳይጠብቁት ቢሄዱ ግን ወርቁ ልብ አይኖረውም ነበር። ከ20 ዓመት በኋላ በፓሪስ ወደ ኋላ የቀረው አንጋፋ ያ የ22 ዓመት ወጣት መሆኑን ስናስብ፣ ይህ ተራ ለማንም የማይቀር መሆኑን እንረዳለን።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ግን ሰላም ባለበት አገር ስላለ ቡድን ነው። ወደ ሐምዳይት ስንመጣ ሚዛኑ ይለወጣል። ኦክላሆማ ላይ ለጃክሰን «ቆይ፣ ተራህ ይደርሳል» ማለት ይቻል ነበር፤ የሚቀጥለው ዓመት መኖሩ የታወቀ ነውና። እዚህ ግን ቦታው ራሱ መሸጋገሪያ ተብሎ የተጀመረ ነው። በ2020 ኅዳር ወር ሰው ተከዜን ተሻግሮ ሲገባ ጀምሮ፣ ስንቱ ጓደኛችን ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባ ተወስዷል፣ ስንቱስ ወደማናውቀው ሄዷል። በ2023 ሚያዝያ በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ደግሞ የተጠጋንበት ግድግዳ ራሱ ተናጋ። እንዲህ ባለ ቦታ ለአንድ ልጅ «ተራህን ጠብቅ» ማለት፣ የማንጨብጠውን ነገር ቃል መግባት ነው። ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ ሳምንቱን ከሳምንቱ የሚለይበት ነገር ያች ማልያ ብቻ ትሆን ይሆናል።

ይህ ለልጁ የሚቀርብ ጠንካራ ክርክር ነው። ነገር ግን አንጋፋውም ስደተኛ መሆኑን አንርሳ። ቤቱ፣ ማሳው፣ ሥራው ወዲያ ማዶ ቀርቷል። ተሻግሮ የመጣው ስሙ ብቻ ነው። ወጣት ሰው ያልደረሰበት ነገር ይጎድለዋል፤ አንጋፋ ሰው ግን የነበረው ነው የሚጎድለው። የትኛው ይበልጣል ብሎ ሚዛን ላይ ማውጣት የሚደፍር ካለ ይሞክር፤ እኛ አንደፍርም። ልምድስ ቢሆን ዋጋው እዚህ ይበልጥ ይታወቃል። ኡም ራኩባ በ1980ዎቹ ስደተኛ የተቀበለ፣ በ2020 ደግሞ እንደገና የተከፈተ ቦታ ነው። ያን የመጀመሪያውን ስደት ያዩ ሰዎች ውኃ እንዴት እንደሚቆጠብ፣ ከዝናቡ በፊት ጎጆ እንዴት እንደሚጠበቅ ለአዲሶቹ ሊነግሩ ይችላሉ። ይህን ሁሉ ልጅ በፍጥነቱ አያገኘውም።

ታዲያ ፍርዳችን ምንድን ነው? በበኩላችን፣ ቡድኑ አንጋፋውን ለተጠባባቂነት ቢወስድ ስሕተት የለበትም እንላለን፤ ነገር ግን በአራት ውል። አንደኛ፣ በልምምድ ሜዳ ዛሬ የሚችለውን ያሳይ፤ ትናንትን የሚመሰክሩ ሰዎች አይበቁም። ሁለተኛ፣ ወንበሩን ወንበር መሆኑን አውቆ ይቀበል፤ ባልገባ ቁጥር የሚያኮርፍ ከሆነ ለማልያው አልበቃም። ሦስተኛ፣ ልጁ ከልምምድ አይውጣ፤ አንጋፋው በጎኑ ሆኖ ያስተምረው፣ ጨዋታው ባለቀለት ቀን ደግሞ ልጁ ይግባ። አራተኛ፣ ጊዜው የተወሰነ ይሁን፤ በሚቀጥለው ውድድር ቦታው እንደገና ለሁለቱም ይከፈት። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ማልያው የልጁ ነው።

አንጋፋው ካልተመረጠስ? እዚህ ላይ ብዙ ቡድኖች የሚሠሩትን ነገር አንወደውም። ስም ዝርዝር ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ሰውየው ከሕዝብ ጋር ተጋፍቶ ስሙን እንዲፈልግ ይተዉታል። ወይም ደግሞ «አማካሪ» የሚል ስም ሰጥተው፣ ምክሩን ሳይጠይቁት ዳር ያስቀምጡታል። ሁለቱም ክብር አይደሉም። ሁለት ሰው ተልኮ፣ ቤቱ ገብቶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ቦታውን ለልጁ ሰጥተነዋል፤ ምክንያቱም ይህና ይህ ነው» ሊባል ይገባል። እውነቱን ፊት ለፊት መስማት ከባድ ነው፤ በውሸት ከመከበር ግን ይሻላል። ለልጁም እንዲሁ ነው። «ገና ነህ» ብሎ ማባረር ሳይሆን፣ ምን እንደጎደለው ነግሮ የሚማርበትን መንገድ ማሳየት ተገቢ ነው።

«ይህ ሁሉ ለኳስ ነው ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በየዕለቱ የምንወስነውን ያስብ። ልጆች ለማስተማር ፈቃደኛ ሲጠየቅ፣ የውኃ ወረፋ የሚያስከብር ሲመረጥ፣ ስለ ሠፈሩ የሚናገር ሲላክ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታና ሁለት ሰው እናገኛለን፤ አንዱ የሚያውቅ፣ ሌላው መማር ያለበት። ሁልጊዜ ለሚያውቀው ብቻ ከሰጠን፣ እሱ የሄደ ቀን ባዶ እንቀራለን። ሁልጊዜ ለአዲሱ ብቻ ከሰጠንም በየዓመቱ ከሀ እንጀምራለን። ጥበቡ ሁለቱን በአንድ ወንበር ዙሪያ ማገናኘት ላይ ነው።

ከዚህ የተለየ ሐሳብ ያለው አንባቢ፣ በተለይ በወጣቶቹ በኩል ያለ፣ ጽፎ ቢሰጠን በሚቀጥለው ቅጠል ላይ እናወጣለታለን። እስከዚያው ግን ይህን ያነበባችሁ፣ ሳታጥፉ ሳታቆሽሹ ለጎረቤታችሁ አቀብሉ።