ወንበሩ የማን ዕዳ ነው?

ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር፣ በአርባ ምንጭ ከተማ በላይኛው ሰፈር በሸቻ፣ በአንድ እድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ተገኝቼ ነበር። የዕለቱ መነጋገሪያ የድንኳን እድሳትና የወርኃዊ መዋጮ ጭማሪ ሲሆን፣ ሁለቱም ብዙ ሳያከራክሩ ተወሰኑ። ጉባኤው ሊበተን ሲል ግን አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ከተቀመጡበት ሳይነሡ እጃቸውን አወጡ። ተነሥተው ለመናገር አይችሉም፤ ሕመም እግራቸውን ካሰረው ስድስት ዓመት አልፎአል። ክንዳቸውም የዊልቸር ጎማ ለማሽከርከር የሚበቃ ኃይል የለውም።

«ሃያ ሰባት ዓመት ሳላቋርጥ ከፍያለሁ» አሉ። «ስሞት ድንኳን ትተክሉልኛላችሁ፣ ንፍሮ ትቀቅሉልኛላችሁ፣ ለልጆቼም ገንዘብ ትሰጡልኛላችሁ። እባካችሁ ከዚያ ላይ ተቀንሶ ለዊልቸሬ ባትሪ ይገዛልኝ። ለቅሶዬ ቢያንስ አልቀየምም።»

አንዳንዱ ሣቀ፤ እርሳቸው ግን አልሣቁም። ነገሩ እንዲህ ነው። በአሜሪካ የሚኖር የእኅታቸው ልጅ፣ ታጥፎ በመኪና ዕቃ መጫኛ ውስጥ የሚገባ፣ በባትሪ የሚሠራ ዊልቸር ገዝቶ በሰው እጅ ልኮላቸው ነበር። ሁለት ዓመት ያህል ወደ ገበያው ዳርና ወደ ቀድሞ ተማሪዎቻቸው ቤት ሲመላለሱበት ከቆዩ በኋላ ባትሪው ደከመ፤ ቀጥሎም ጨርሶ ሞተ። ወንበሩ ዛሬ ጨርቅ ለብሶ በቤታቸው ጥግ ቆሞአል።

የእድሩ ሊቀ መንበር በትሕትና መለሱ። «ጋሼ፣ ሐሳብዎ ይገባናል። ነገር ግን ደንባችን የተጻፈው ለሞት ነው፤ በሕይወት ላለ አባል ከካዝናው ማውጣት አንችልም።» ደንቡን ጠብቀው ስለ ተናገሩ የሚነቀፉ አይደሉም። የእድር ገንዘብ የሚጠበቀው እንዲህ ባሉ ሰዎች ነውና። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። መራመድ ላልቻለ ሰው መንቀሳቀሻ መስጠት ችሮታ ነውን ወይስ ዕዳ? ዕዳስ ከሆነ የማን ዕዳ ነው?

የሀገራችን ሕግ በመርኅ ደረጃ ዕዳ ነው ወደ ማለቱ ያዘነብላል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንኡስ አንቀጽ 5፣ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንንና ወላጅ ያጡ ሕፃናትን ለማቋቋምና ለመርዳት ገንዘብ እንዲመድብ ያዛል። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 20 መንቀሳቀሻ መሣሪያ በሚቻል ዋጋ እንዲገኝ፣ በአንቀጽ 25 ደግሞ በጤና መድን ረገድ አካል ጉዳተኛ አድልዎ እንዳይደረግበት ይደነግጋል። ወደ ዝርዝሩ ስንወርድ ግን፣ ሕጉ ሰውየው ካለበት ችግር ይልቅ የችግሩን መነሻ ሲመረምር እናገኘዋለን።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156፣ ሠራተኛ በሥራ ላይ ጉዳት ሲደርስበት አሠሪው ከሕክምናው ወጪ ጋር አስፈላጊ የሆኑ ሰው ሠራሽ ምትክ አካላትን ወጪ ጭምር እንዲሸፍን ያስገድዳል። መኪና የገጨውም ሰው የሦስተኛ ወገን የግዴታ መድን አለው። በዚህ ረገድ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ለአካል ጉዳት እስከ 40 ሺህ ብር፣ ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር ወስኖ ነበር። (መኪናው እግርን ከሚሰብር አጥርን ቢያፈርስ የበለጠ ያስከፍል ነበር ማለት ነው፤ ይህን ያነበብሁ ቀን ዓይኔን ተጠራጥሬ ደግሜ አነበብሁት።)

እንግዲህ ሦስት ሰዎችን በሐሳባችን እናቁም። አንዱን በፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጎዳው። ሁለተኛውን በአውራ ጎዳና ላይ መኪና ገጨው። ሦስተኛው ማንጎ ለመልቀም ከወጣበት ዛፍ ላይ ወደቀ፤ ወይም እንደ መምህራችን በሕመም ደከመ። ሦስቱንም የሚያግዳቸው አንድ ዓይነት ደረጃ፣ አንድ ዓይነት ጭቃ ነው። ለመጀመሪያው አሠሪ፣ ለሁለተኛው የመድን ድርጅት ይጠየቅለታል፤ ለሦስተኛው የሚጠየቅ የለም። በሕግ ዓይን ይህ ምክንያት አለው፤ የበደለ ይካስ የሚለው ጥንታዊ ፍርድ ነው። ነገር ግን ካሳ ሌላ፣ መድን ሌላ ነው። ካሳ «ማን አደረሰብህ?» ብሎ ይጠይቃል። መድን ግን በቃሉም ዋስ ማለት ነውና፣ «ከማን ጋር ነህ?» ይላል እንጂ በዳይን አይፈልግም።

ለዚህ ትርጉም ይበልጥ የሚቀርበው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ የተጀመረው ይህ ሥርዓት፣ ቤተ ሰብ በዓመት አንድ ጊዜ የሚከፍልበት፣ መክፈል ለማይችል ድኻም መንግሥት የሚከፍልበት ነው። በወባ የተያዘውን «ያለ አጎበር ለምን ተኛህ?» ብሎ የሚመልሰው የለም። ሆኖም መድኑ መነጽርንና ሰው ሠራሽ ጥርስን እንኳ ስለማይጨምር፣ ዊልቸር ከደጁ አይደርስም። አርባ ምንጭ የአካል ተሐድሶ ማዕከል ካላቸው ጥቂት የሀገራችን ከተሞች አንዷ ናትና፣ ከብዙዎች ይልቅ ዕድለኛ ነች ሊባል ይቻላል። ነገር ግን በማዕከል መረዳትና በመድን መታቀፍ አንድ አይደለም።

ሀብት ቢኖር ነገሩ በራሱ ይፈታ ነበር የሚል ካለ፣ መምህሩ ዊልቸር ወደ ላከላቸው አገር ይመልከት። አሜሪካኖች በ1965 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት፣ አረጋውያንንና አካል ጉዳተኞችን የሚያቅፈው ሜዲኬር የተባለው መድን፣ በባትሪ ለሚሠራ ዊልቸር ከተፈቀደው ዋጋ 80 በመቶ ይከፍላል። ለዚህም ሐኪም በአካል መርምሮ በጽሑፍ ማዘዝ አለበት። ዋናው ቁልፍ ግን ሌላ ነው፤ ወንበሩ የሚያስፈልገው በቤት ውስጥ ለመንቀሳቀስ መሆን ይኖርበታል። ከአልጋ ወደ መጸዳጃ፣ ከመጸዳጃ ወደ ማዕድ ቤት በከዘራም፣ በእጅ በሚገፋ ዊልቸርም መድረስ ያልቻለ ይፈቀድለታል። ከደጅ ውጭ ለመሄድ ብቻ የሚፈልገው ግን አይፈቀድለትም። ስለዚህም ታጥፎ የሚጓዘው ቀላል ወንበር እንደ ምቾት ተቆጥሮ ብዙ ጊዜ ውድቅ ይደረጋል። እነሆ፣ በባለጸጋው አገር የሰው ልጅ ፍላጎት በቤቱ ደፍ ላይ ያበቃል።

ይህን መስፈርት ወደ ጋሞ አምጥተን ብንመዝነው ምን ይሆናል? በእኛ ዘንድ ሰው የሚኖረው ከደፉ ወዲያ ነው። ለቅሶ የማይደርስ፣ ሠርግ የማይታደም፣ በገበያ ቀን የማይታይ ሰው፣ ሳይሞት ከሰው ቁጥር ይጎድላል። እድሩ ከቀብር የቀረውን አባል በገንዘብ ይቀጣል፤ መምህሩን ግን ከሁኔታቸው አንጻር ከቅጣት ነፃ አድርጎአቸዋል። ከጉባኤው በኋላ ሲያጫውቱኝ ከሁሉ ይልቅ ያሳዘናቸው ይኸው ነፃነት እንደ ሆነ ነገሩኝ። «የሚቀጡት የሚጠብቁትን ሰው ነው» አሉኝ። እኔን የሚጠብቀኝ የለም ማለታቸው ነበር።

ችሮታን ለማሳነስ እንዳልተነሣሁ አንባቢ ይረዳልኝ። የእኅት ልጅ ባይኖር ያች ሁለት ዓመትም አትኖርም ነበር። ሆኖም ችሮታ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሰጪው በሚችልበት ቀን ይጀምራል፤ በማይችልበት ቀን ያቆማል። ወንበር ሰጪ ብዙ ነው፤ ባትሪና ጎማ ሰጪ ግን ጥቂት ነው። ሁለተኛ፣ ተቀባዩን ዘወትር አመስጋኝ አድርጎ ያስቀረዋል፤ ቢበላሽ ለመናገር ያፍራል፤ የማይመቸው ቢሆን «ሌላ ይሁንልኝ» አይልም። አባል ግን እንዲህ አይደለም። አባል የሚገባውን ሲቀበል አንገቱን አይደፋም፤ ነገ ለሌላው የሚወጣው ገንዘብ ከእርሱም ኪስ ነውና። መምህሩ በጉባኤው ላይ የጠየቁት ዕርዳታ እንዳልነበረ ልብ እንበል፤ የራሳቸው ድርሻ ቀን ተቀይሮ እንዲሰጣቸው ነው የጠየቁት።

ህንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን በ1979 እ.ኤ.አ. በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባደረጉት ንግግር፣ ፍትሕ እኩል ዕቃ በማደል ብቻ እንደማይፈጸም አስረድተው ነበር። ሁለት ሰዎች እኩል ገንዘብ ቢኖራቸው፣ አንዱ ግን መራመድ ባይችል፣ በዚያው ገንዘብ ሁለቱ ማድረግ የሚችሉት እኩል አይሆንም። መለኪያው በእጅ ያለው ሳይሆን በዚያ ሊደረግ የሚቻለው ነው ማለታቸው ነበር። ከሸቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደውን ዳገት የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ብዙ ፍልስፍና አያስፈልገውም። ጤነኛው ወርዶ ደክሞት በባጃጅ ይመለሳል፤ ለመምህሩ ግን ያው ዳገት የከተማው መጨረሻ ነው።

በዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል፤ በቀላሉ ልናልፈውም አይገባም። የወረዳ የጤና መድን ካዝና መድኃኒት ለመግዛት በሚቸገርበት አገር፣ ለአንድ ሰው በባትሪ የሚሠራ ወንበር መግዛት ከብዙ ሕፃናት አፍ መድኃኒት መንጠቅ አይሆንምን? ሊሆን ይችላል። እኔም የካዝናው ኃላፊ ብሆን ሕፃናቱን አስቀድም ነበር ብዬ አስባለሁ። ክንዱ ጤነኛ ለሆነው ሰው በእጅ የሚሽከረከረው ርካሽ ወንበር በቂ ነው፤ ለኮረኮንችና ለጭቃ እንዲያውም ይሻላል። ሆኖም ከዚህ መልስ ውስጥ አንድ ስሕተት እንዳይሾልክ እፈራለሁ። «አሁን አንችልም» ማለትና «ይህ የእኛ ጉዳይ አይደለም» ማለት በጣም የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ዕዳውን አምኖ ቀጠሮ የሚጠይቅ ነው፤ ሁለተኛው ዕዳውን የሚክድ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው፣ ቅድሚያ ሊሰጣቸው በሚገቡ 50 አጋዥ መሣሪያዎች ዝርዝር ውስጥ በኤሌክትሪክ የሚሠራውም ዊልቸር ገብቶአል። ድኻ አገር ዝርዝሩን ሁሉ ዛሬ አይፈጽመውም፤ ከዝርዝሩ አንዱን እንኳ በመድኑ ውስጥ ቢጽፍ ግን ዕዳውን ማመኑ ነው።

ደግሞስ መሸከም ለዚህ ሕዝብ አዲስ ነገር ነውን? ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ ዶርዜ ይገኛል። በዚያ ከቀርከሃ የተሠራው ረጅም ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው፣ የመንደሩ ሰዎች ተሰብስበው ቤቱን እንደ ቆመ አንሥተው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ባለ ቤቱ ምስጡን ማን እንዳመጣው አይጠየቅም፤ ቤቱ መንቀሳቀስ ስላለበት ይንቀሳቀሳል።

ወደ እድሩ ልመለስ። ጉዳዩ በዚያ ቀን አልሞተም። አንዲት እናት፣ መራመድ የተሳነው አባል ለሞቱ ከተመደበው ገንዘብ ግማሹን በሕይወቱ እንዲወስድ የሚፈቅድ አንቀጽ በደንቡ ላይ ይጨመር ሲሉ ሐሳብ አቀረቡ። ደንብ ለማሻሻል ግን የአባላት ሁለት ሦስተኛ መገኘት ስላለበት፣ ምልዓተ ጉባኤው አልተሟላም ተብሎ ለሚቀጥለው ወር ተላለፈ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ ሆነ። ሁለት ወጣቶች መምህሩን ከእድሩ ወንበሮች በአንዱ ላይ እንደ ተቀመጡ ተሸክመው እስከ ቤታቸው አደረሷቸው፤ ወንበሩንም መልሰው ለንብረት ክፍሉ ቆጥረው አስረከቡ።