ጸጥታ ሰላም ነውን? ስለ መንገደኛና ስለ አገሬው

በአማርኛችን «ጸጥታ» የሚለው ቃል ሁለት ሥራ ይሠራል። በአንድ በኩል ዝምታን፣ የድምፅ አለመኖርን ያመለክታል፤ በሌላ በኩል ደግሞ የአንድ አካባቢ ሕዝብ ከሥጋትና ከጥቃት ተጠብቆ መኖሩን ይገልጻል። መምህሩ ተማሪዎቹን «ጸጥታ!» ሲል የሚሻው ዝምታን ነው፤ አስተዳዳሪው «የአካባቢው ጸጥታ የተጠበቀ ነው» ብሎ ሲጽፍ ግን ሰላም አለ ማለቱ ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ ተዳብለው ስለሚኖሩ አንዱ በሌላው ቦታ ሲገባ አናስተውልም። ድምፁን ያልሰማነውን አገር ሰላም ያለበት አገር አድርገን እንቆጥራለን። የዚህ ጽሑፍ ጥያቄም የሚነሣው ከዚሁ ነው። ለመሆኑ አንድ አገር «ለመንገደኛ አያሠጋም» ሲባል የተጠበቀው የማን ደኅንነት ነው? ይህንንስ ለመመስከር የሚበቃው ማን ነው?

ጥያቄው የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ዛሬ ሻንጣውን በጀርባው አዝሎ፣ በአውቶቡስና በጭነት መኪና እየተሳፈረ ከአገር አገር የሚዞር ወጣት በዓለም ላይ ብዙ ነው። ትናንት «አይኬድበትም» ተብሎ የተፈራውን አገር አይቶ በደኅና ሲመለስ፣ «የተባለው ሁሉ ሐሰት ነው፤ እኔ ምንም አልሆንኩም» ይላል። የእኛም የመሐል አገር ሰው ስለ ነገሌ ቦረና፣ ስለ ያቤሎ፣ ስለ ሜጋና ስለ ሞያሌ፣ ወይም ወደ ምሥራቅ አልፎ ስለ ፊልቱና ስለ ዶሎ ኦዶ ሲያወራ ከሁለት በአንዱ መንገድ ይናገራል። ያልሄደው «በረሃ ነው፤ ሽፍታ አለበት» ሲል፣ ሄዶ የተመለሰው «ውሸት ነው፤ ሰላም አገር ነው» ይላል። ፈሪውና ደፋሩ የተቃረኑ ይመስላሉ እንጂ የሚለኩት በአንድ መለኪያ ነው። መለኪያውም የተናጋሪው የራሱ ቆዳ ነው።

በመጀመሪያ የፍርሃቱን ታሪክ እንመልከት። ለደገኛው ቆላ የወባ፣ የጥማትና የባላንጣ አገር ነበር። ጠረፍ የቅጣት ምድብ ተደርጎ በሚቆጠርበት ዘመን ሳይወድ የሄደ ሹም ሳይወድ ያየውን ጽፎ ይልካል፤ መሐል አገሩም በዚያ ጽሑፍ አገሩን ያውቃል። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ወደዚያ ምድር የዘለቁት የአውሮፓ አሳሾችም ከዚህ የተሻለ ዓይን አልነበራቸውም። ጣሊያናዊው መስፍን ኤውጄንዮ ሩስፖሊ የታጠቁ አጃቢዎችን አስከትሎ ደቡቡን ሲያቋርጥ በ1893 እ.ኤ.አ. ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው አእዋፍ መካከል አንዲት የደን ወፍ ዛሬም በስሙ ትጠራለች። ነገር ግን ከየት እንዳገኛት የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልተወ፣ የሳይንስ ሰዎች መኖሪያዋን ለማወቅ ግማሽ መቶ ዘመን ያህል ጠብቀዋል። የአሬሮና የነገሌ እረኛ ግን በጥዱ ደን መካከል ከብቱን ሲነዳ ያያት ነበር። ስም ሰጪው አላፊው ነው፤ ዐዋቂው ግን ነዋሪው ነው። የአገር ስምም እንዲሁ ነው፤ «አደገኛ» የሚለውን ቅጽል የሚሰጠው የሚያልፈው፣ በቅጽሉ የሚኖረው ግን የማያልፈው ነው።

የተፈራው አገሬው ሆኖ ሳለ ጠመንጃ ይዞ የመጣው መንገደኛው እንደነበረም ልብ ማለት ይገባል። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በመልካ ዲዳ የስዊድንን የቀይ መስቀል የሕክምና ጓድ በቦምብ የደበደበው የበረሃው ሰው ሳይሆን የፋሺስት ጣሊያን አውሮፕላን ነበር። በቀጣዩ ወር፣ በጥር 1928 ዓ.ም.፣ ጦሩ ነገሌን ያዘ። ወራሪው ሲገባም ራሱን የሚጠራው «ጸጥታ አስከባሪ» ብሎ እንጂ ወራሪ ብሎ አይደለም።

ይህን ስንል ግን አገሬውን መልአክ፣ ፍርሃቱን ሁሉ ተረት ለማድረግ አይደለም። የበዳይንና የተበዳይን መልክ ገልብጦ ማቅረብ እውነትን አያቀናም። በቦረና አስተሳሰብ «ናጋያ ቦረና»፣ ማለትም የቦረና ሰላም፣ የማኅበራዊ ሕይወት ሁሉ መሠረት ነው፤ ቦረና የቦረናን ደም አያፈስም። ነገር ግን የዚህ ሰላም አጥር የቆመው በወገን ወሰን ላይ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ያለው «ኛጳ»፣ ባላንጣ፣ ይባል ነበር፤ በቀደመው ዘመንም ባላንጣ መግደል ለጎበዝ ክብር ያስገኝ ነበር። ከብት መዘራረፍና ደም መመላለስ በቦረናና በጉጂ፣ በቦረናና በሶማሌ ጎሣዎች መካከል ብዙ ቤት አፍርሷል። ስለዚህ ፍርሃቱ ምክንያት አልነበረውም ማለት አይቻልም። የፍርሃቱ ጉድለት ሌላ ነው፤ ሰላምን ማን፣ በምን ድካም እንደሚሠራው አለመጠየቁ ነው።

በዚያ ምድር ሰላም የሚሠራ ነገር ነው፤ እንደ ጎጆ፣ እንደ ጉድጓድ። ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ሰላምታቸው ረጅም ነው፤ የሰው ሰላም፣ የከብት ሰላም፣ የግጦሽና የዝናም ሰላም አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ይመለሳል። ለችኩሉ መንገደኛ ይህ ጊዜ ማባከን ይመስለዋል። ሰላምታው ግን ከወዲያ ወገን የመጣውን ወሬ፣ የታመመውን መንጋ፣ የደረቀውን ኩሬ፣ የቂም ምልክቱን ሳይቀር የሚለቅም መረብ ነው። የገዳ ሥርዓት በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በዚሁ ሥርዓት በየስምንት ዓመቱ የሚደረገው የጉሚ ጋዮ ጉባኤም የዚያ ሰላምታ ታላቅ ወንድም ነው ማለት ይቻላል፤ ሕግ የሚታወጀውም ቅሬታ የሚሰማውም በአደባባይ፣ በንግግር ነው።

ከሁሉ ይልቅ ግን ነገሩን የሚያስረዳው ጉድጓዱ ነው። በዱብሉቅና በሌሎችም ሥፍራዎች የሚገኙት «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ከብዙ ትውልድ በፊት በሰው ጉልበት ከአለት ተፈልፍለው የወጡ ናቸው። ጎበዞች በጉድጓዱ ግድግዳ ላይ አንዱ ከሌላው በላይ ቆመው ውሃውን በባልዲ እየተቀባበሉ ወደ ገንዳው ያወጡታል፤ ሥራው የሚሠራው በዜማ ነው። ዜማው ካልተገጣጠመ እጅ ከእጅ አይገናኝም፤ ባልዲው ይወድቃል፣ ውሃው ይደፋል። ጉድጓዱን የቆፈረው ሰው ዘር «አባ ኮንፊ» ይባላል፤ የየዕለቱን ተራ የሚያዘው ደግሞ «አባ ሄሬጋ» ነው። በበጋ ከብቱ በሦስተኛው ቀን ይጠጣል፤ የማን መንጋ መቼ እንደሚወርድ በምክር ይወሰናል። ውሃው በገንዘብ አይሸጥም፤ የውሃው ዋጋ ጉልበትና ተራን ማክበር ነው። እንግዲህ በዚህ ሥፍራ ሰላም ማለት ዝምታ አይደለም። ሰላም ሲኖር ጉድጓዱ ይዘምራል፤ ሰላም ሲጠፋ ጉድጓዱ ጸጥ ይላል።

የዚህን ተቃራኒ ያሳየችውም ነገሌ ራሷ ናት። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሠፈረው የ4ኛው ብርጌድ ወታደር የውሃ ፓምፑ ተበላሸ። መኮንኖቹ የራሳቸው ውሃ ነበራቸው፤ ነገር ግን ወታደሩ ከእነርሱ እንዲቀዳ አልፈቀዱም። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። አቤቱታው ሰሚ ሲያጣ ወታደሩ መኮንኖቹን አሠረ። ንጉሠ ነገሥቱ ነገሩን እንዲያጣሩ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ይዞ እርሱ ከሚበላው አበላቸው፤ እርሱ ከሚጠጣውም አጠጣቸው። ይህች እንቅስቃሴ ወደ የካቲቱ አብዮት ካመሩት የመጀመሪያ ምልክቶች አንዷ ሆና በታሪክ ተመዝግባለች።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። ወታደሩ በዚያ የሠፈረው የጠረፉን ጸጥታ ለመጠበቅ ነበር፤ በአዲስ አበባ ጆሮም ነገሌ ጸጥ ያለች ከተማ ነበረች። በሰፊው የቦረና ምድር ያለው እረኛ በጥማት ዘመን እንኳ የጉድጓድ ተራ ሲያወጣ፣ ጸጥታ ጠባቂው ወገን በአንድ ግቢ ውስጥ ተራ ማውጣት ተሳነው። ጄኔራሉም የአገሩን እውነት ያወቁት ሪፖርት በማንበብ አልነበረም፤ ከዚያው ውሃ በመጠጣት ነበር። ከዚህ የበለጠ የሥነ ምግባር ትምህርት ማግኘት ያስቸግራል። የአንድን አገር ሰላም የሚያውቀው ነዋሪው የሚጠጣውን የጠጣ ብቻ ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አለመሆኑን ለማሳየት ከደቡብ አሜሪካ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮሎምቢያ ከግማሽ መቶ ዘመን በላይ በእርስ በርስ ጦርነት ስትታመስ ኖራለች፤ ከሁለት መቶ ሺህ በላይ ሰው አልቋል፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ገበሬ ከቀዬው ተፈናቅሏል። መንገደኛ ይታገትባት ስለነበር የውጭ ሰው ይፈራት ነበር። በኋላ የአገሪቱ የቱሪዝም ማስታወቂያ «ብቸኛው ሥጋት እዚያው ለመቅረት መፈለግ ነው» የሚል ዘዴኛ መፈክር ይዞ ወጣ። በ2016 እ.ኤ.አ. መንግሥቱና ፋርክ የተባለው የሽምቅ ጦር የሰላም ስምምነት ፈረሙ፤ ሻንጣ አዛዩ ወጣትም በብዛት ገባ። በእርግጥም ብዙ ነገር ተሻሽሏል። ነገር ግን መፈክሩን የተፈናቀለው ገበሬ ጆሮ እንዴት ይሰማዋል? እርሱ እኮ በቀዬው ለመቅረት ፈልጎ ነበር፤ ሥጋቱም በትክክል ያ ነበር።

በሜዴሊን ከተማ ኮሙና 13 የሚባለው የድሆች ሠፈር ዛሬ በግድግዳ ሥዕሎቹ የታወቀ የጎብኚ መናኸሪያ ነው። በጥቅምት 2002 እ.ኤ.አ. በዚያ ሠፈር ታላቅ ወታደራዊ ዘመቻ ተካሂዶ ነበር፤ ከዘመቻው በኋላ ብዙ ወጣቶች የደረሱበት ጠፋ። እናቶች «ልጆቻችን ከሠፈሩ በላይ ባለው የፍርስራሽ መጣያ ሥር ተቀብረዋል» እያሉ ከሃያ ዓመት በላይ ጮኹ። ጎብኚው ሥዕሉን ፎቶግራፍ አንሥቶ «ሰላም ነው» እያለ ሲመለስ እነርሱ ወደ ኮረብታው ያመለክቱ ነበር። የመጀመሪያው አጽም ከዚያ የወጣው በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. ነው። ጸጥታና ሰላም ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ተፈናቀለ። በዚያው ዓመት በመጋቢት በሞያሌ ሰላማዊ ሰዎች በጥይት ከተገደሉ በኋላ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበር ተሻግረው ወደ ኬንያ ሸሹ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ደግሞ አምስት የዝናም ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ የቦረና ከብት አለቀ፤ ከብት ማለት ለዚያ ሕዝብ ገንዘቡም፣ ምግቡም፣ ክብሩም ነው። በየመካከሉ ግን መንገዱ የተከፈተበት ጊዜ ነበር። ያን ጊዜ ወፍ ለማየት ወደ ሊበን ሜዳና ወደ ያቤሎ የወረደው እንግዳ በደኅና ተመልሷል። ያየው ውሸት አልነበረም። ነገር ግን በድምፅ አንድ የሆኑት ሁለቱ ቃላት፣ ድኅነትና ድህነት፣ በፊደል እንደሚለያዩ ሁሉ፣ የመንገደኛው መዳንና የነዋሪው መቸገር በአንድ ጎዳና ላይ ሳይተያዩ ሊያልፉ ይችላሉ።

«እንግዲያስ ሰው አይጓዝ ነውን?» የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። አይደለም። ያልተጓዘ ሰው በአሮጌ ወሬ ይኖራል፤ ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል እያለ ጎረቤቱን እንደፈራ ይሞታል። መጓዝ መልካም ነው፤ መንገደኛው ሊለውጥ የሚገባው የሚናገርበትን ግስ ነው። በባህላችን ጀምበር የጠለቀችበት ሰው ከደጅ ቆሞ «የመሸበት የእግዜር እንግዳ» ሲል የሚለምነው ነገር አለ፤ የሰጠውም ሰው አለ። በማግሥቱ እስከ ወንዙ የሚሸኘው ሰውም አለ። ታዲያ መንገደኛው አገሩ ሲገባ «በደኅና ተመለስሁ» ይላል። ትክክለኛው አነጋገር «በደኅና መለሱኝ» የሚለው ነበር። በመጀመሪያው አነጋገር ጀግናው ተጓዡ ነው፤ በሁለተኛው ባለውለታው አገሬው ነው። የመጀመሪያው ገድል ነው፤ ሁለተኛው ዕዳ ነው።

የዚህ ዕዳ አከፋፈልም ለየሙያው የተለያየ ነው። ለአስተዳዳሪውና ለካድሬው ዕዳው «ጸጥታው የተጠበቀ ነው» ብሎ ከመጻፉ በፊት ጉድጓዱ ዘንድ ወርዶ ማን እንደጠጣ፣ ማን ተራው እንደተዘለለ መጠየቅ ነው። ለመምህሩ ዕዳው ጠረፍን የካርታ ጠርዝ አድርጎ አለማስተማር ነው፤ ለነገሌ ልጅ ነገሌ መሐል አገር ናትና። ለእኛ ለከያኒዎች ደግሞ ዕዳው ከባድ ነው። በረሃውን በግጥማችን የባዶነት፣ በቲያትራችን የሽፍታ መናኸሪያ ስናደርገው ኖረናል፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለበዓል መድረክ የሚሆን ጭፈራና ልብስ ብቻ ለቅመን ተመልሰናል። አንዱ ስድብ፣ ሌላው ሙገሳ ይመስላል፤ በሁለቱም ግን የአገሬው ንግግር የለበትም። የነዋሪው ድምፅ ያልተሰማበት ሥራ፣ ምንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ጸጥታ እንጂ ሰላም አይደለም።

እንግዲህ የአንድ አገር ሰላም መለኪያው እንግዳው ሳይነካ ማለፉ ሊሆን አይችልም። እንግዳውን ለአንድ ሌሊት መጠበቅ ችግረኛውም፣ ተፈናቃዩም፣ ሐዘንተኛውም ያውቅበታል። መለኪያው እንግዳውን ያሳደረው ሰው በማግሥቱ ከብቱን ይዞ ወደ ጉድጓዱ ያለ ሥጋት መውረዱ፣ ተራውን ማግኘቱ፣ ቅሬታውንም ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገሩ ነው። ይህ እስኪሆን ድረስ «አገሩ ሰላም ነው» የሚለው ምስክርነት የአገሬው እንጂ የመንገደኛው አይደለም፤ አገሬው እስኪናገርም ድረስ መንገደኛው ሊጠይቅና ሊያዳምጥ ይገባዋል።