ያንኑ ማመልከቻ መልሰህ አትላክ

ልጄ፣ አብሽር። ከውጫሌ ሐይቅ ድረስ የመጣኸው የማስተርስ ማመልከቻህ ውድቅ መሆኑን ልትነግረኝ እንደሆነ ገብቶኛል። «የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ነውና የሰፈሩን ወሬም እገምተዋለሁ። እዘን፤ ጓደኞችህ ሲመዘገቡ እያዩ መቅረት ያማል። ካዘንህ በኋላ ግን ሥራ አለብህ።

መጀመሪያ የቱ በር እንደተዘጋብህ ለይ። ጋት የምትሉት የትምህርት ሚኒስቴር የመግቢያ ፈተና አንድ በር ነው፤ የትምህርት ክፍሉ ምርጫ ሌላ በር ነው። በፈተናው ከወደቅህ መድኃኒቱ ልምምድ ነው። ፈተናውን አልፈህ ክፍሉ ካልመረጠህ ግን ወይ ወረቀትህ ደክሟል፣ ወይ ቦታው ጠቧል። ይህን ሳትለይ ያንኑ ማመልከቻ ብትልክ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ነው።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም»። ክፍሉን በትሕትና ጠይቅ። ከነገሩህ እሰየው፤ ካልነገሩህ ያስተማሩህን መምህር ማመልከቻህን አስነብባቸው። የጥናት ሐሳብህን የጻፍኸው ምዝገባው ሊዘጋ ሲል ከሆነ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»። የድጋፍ ደብዳቤም ስምህን ብቻ ከሚያውቅ ባለሥልጣን ይልቅ የመመረቂያ ጽሑፍህን ካረመ መምህር ብታገኝ ይሻላል።

ደግሞ ተስፋህን አንድ ቦታ ብቻ አትጣል። እዚሁ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዘመን ካስተማሯቸው አንዱ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ገድላቸው እንደሚተርከው ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ከአባ በጸሎተ ሚካኤል ዘንድ ተምረዋል፤ ከዚህም ተነሥተው የመምህራቸው መምህር ወዳሉበት ወደ ደብረ ዳሞ ሄደዋል። የወሎ ደረሳም ፊቅሁን (ሕጉን) ከአንዱ ሸህ፣ ነህውን (የዐረብኛ ሰዋስውን) ከሌላው ዘንድ እየዞረ ነው የሚቀራው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እስከከፈተበት እስከ 1978 እ.ኤ.አ. ድረስ ማስተርስ የፈለገ ሰው በአብዛኛው ባሕር ማዶ መሻገር ነበረበት። ለአንተ ግን ደሴም፣ ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም አለልህ።

እስከሚቀጥለው ምዝገባ ሥራ ያዝ፤ የእናትህን እጅ እያየህ አትቀመጥ። ዘርፍህ የውሃ ሀብት ነው፣ ሐይቁ ደግሞ ቅርብህ ነው። ወንዝ ይገባበታል እንጂ አይወጣበትም፤ ከተራራው የታጠበው አፈር የት ይደርሳል? ዓሣ አስጋሪዎቹን ጠይቅ፣ ያዩትንም መዝግብ። «መማር እፈልጋለሁ» ብሎ ከሚጽፍ አመልካች «ይህን አየሁ፣ ይህ አልገባኝም» የሚለው ይቀድማል።

ቢመልሱህም እንዲህ የሰበሰብኸውን አይወስዱብህም። አባቶች «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ዘንድሮ የቀረብህ መጠምጠሙ ነው፤ መማሩን ማንም አልከለከለህም። በል ረቂቅህን ጽፈህ ይዘህልኝ ና። ይቅናህ።