እርምጃው የማን ነው?

ስትሮክ የመታው ሰው ዳግም መራመድ ሲለማመድ፣ አጠገቡ የሚቀመጠው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ሥራው ቀላል አይደለም። ታካሚው ክብደቱን በሚያቀልለት ማንጠልጠያ ተይዞ ትሬድሚል ላይ ይቆማል፤ ባለሙያው ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ ሆኖ የዛለውን እግር ከቁርጭምጭሚቱና ከጉልበቱ ይዞ ያነሳል፣ ወደፊት ያደርሳል፣ ያሳርፋል፣ እንደገና ያነሳል። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ነው። ዙሪክ ውስጥ ሎኮማት የተባለውን ማሽን የሠሩት መሐንዲሶች ሐሳባቸው ለመረዳት አይከብድም፤ ከታካሚው ዳሌና ጉልበት ጋር የሚታሰሩ ባለሞተር እግሮች ሳይደክሙ፣ መስመር ሳይስቱ፣ የፈለጉትን ያህል እርምጃ ያስረግጣሉ። መድኃኒቱ የእርምጃ ብዛት ከሆነ ማሽን የሰውን እጅ መብለጥ ነበረበት። አልበለጠም። ቺካጎ ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ጥናትና በማግስቱ ዓመት የወጣ፣ 63 ሕሙማን እስከ መጨረሻው የተከታተሉት ሌላ ጥናት ያገኙት ተመሳሳይ ነው፦ በመጠኑም ቢሆን መራመድ ከሚችሉ የስትሮክ ሕሙማን መካከል በአካሄድ ፍጥነት ይበልጥ የተሻሻሉት በሰው እጅ የሠለጠኑት ናቸው።

ምክንያቱ ምን ይሆን? የማሽኑ ብልሽት አልነበረም፤ እንዲያውም ማሽኑ ሥራውን ከሚገባው በላይ ሠርቷል። ሰውነታችን ቆጣቢ ነው፤ ሌላ የሚሠራለት ካገኘ የራሱን ድርሻ ይቀንሳል። የኅብለ ሰረሰር ጉዳት ደርሶባቸው ጥቂት እንቅስቃሴ የቀረላቸው ሰዎች በሎኮማት ሲራመዱ የሚያወጡት ጉልበት በባለሙያ እጅ ተደግፈው ሲራመዱ ከሚያወጡት ያነሰ መሆኑ ተለክቷል። እዚሁ ልኬት ውስጥ ግን ከቁጥሩ ይልቅ ሊያስገርመን የሚገባ ነገር አለ። እነዚያው ሰዎች በዚያው ማሽን ውስጥ ሆነው የቻሉትን ያህል እንዲገፉ ሲነገራቸው ልዩነቱ ጠበበ። እግሩ ያው፣ ሞተሩ ያው፣ እግሩ የሚሄድበት መንገድም ያው ነው። ከውጭ ለሚያይ ሰው ሁለቱ አካሄዶች አይለያዩም። የተለወጠው የሰውየው ፈቃድ ብቻ ነው፤ እሱም ተራ ስሜት ሆኖ አልቀረም፣ ጡንቻ ውስጥ ገብቶ በመሣሪያ ተለካ። ስለ ነፍስና ሥጋ ለዘመናት ስንከራከር የኖርን ሰዎች ይህችን ትንሽ ውጤት ችላ ብለን ማለፍ ያለብን አይመስለኝም።

ከ1766 እስከ 1824 የኖረው ፈረንሳዊ ፈላስፋ ሜን ደ ቢራን፣ ሰው «እኔ» የሚለውን የሚያገኘው ቁጭ ብሎ በማሰብ ሳይሆን አካሉን ለማንቀሳቀስ ጥረት ሲያደርግና አካሉ ሲከብደው ነው ይል ነበር። ይህ እውነት ከሆነ፣ ምንም ጥረት ያልገባበት እርምጃ በእኔ እግር ቢረገጥም ገና የእኔ ድርጊት አልሆነም፤ የደረሰብኝ ነገር ነው። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም አራተኛ ሳምንት የሚታሰበው የወንጌሉ በሽተኛ መጻጉዕም ወደዚሁ ይመራናል። 38 ዓመት የተኛ ሰው መዳን ይፈልግ እንደሆነ መጠየቁ ላይ ላዩን ሲታይ ቀልድ ይመስላል። ግን ሳይጠየቅ ቢነሳ ኖሮ የተነሳው ሰው ሳይሆን የተነሳ አካል ነበር የሚሆነው። የኔ ክርክር እንግዲህ ይህ ነው፦ እርምጃ የባለቤቱ የሚሆነው ኃይሉ ከየት መጣ በሚለው አይደለም፣ ፈቃዱና ጥረቱ ገብቶበታል ወይ በሚለው ነው። ስለዚህ በባትሪ የተራመደ ሰው አልተራመደም የሚሉትን አልቀበልም። ሌሊቱን ሙሉ በማኅሌት የቆመ ደብተራ መቋሚያ ተደግፏልና አልቆመም የሚል ማን ነው?

ሆኖም ሁሉም ድጋፍ አንድ አይደለም። የጃፓኑ የጹኩባ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ዮሺዩኪ ሳንካይ የሠራው ሃል የተባለ ተለባሽ ሮቦት ሰውየው እግሩን ለማንሳት ሲያስብ ቆዳው ላይ የሚደርሰውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት አንብቦ ነው ሞተሩን የሚያስነሳው። ባለቤቱ ካልጀመረ እሱ አይጀምርም። ሌሎች ደግሞ የሚሰጡትን እርዳታ በየእርምጃው እየለኩ፣ ታካሚው ሲበረታ እነሱ እንዲቀንሱ ተደርገው ይሠራሉ። እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሳል፣ ተገቢም ነው፦ የብዙ ጥናቶችን ውጤት ያጣመሩ ግምገማዎች እንደሚያሳዩት፣ ስትሮክ ከመታቸው ገና ሦስት ወር ያልሞላቸውና ጭራሽ መራመድ የማይችሉ ሕሙማን ከፊዚዮቴራፒ ጋር ማሽን ሲጨመርላቸው ራሳቸውን ችለው የመራመድ ዕድላቸው ይጨምራል። ታዲያ ማሽኑ ሰውን ሰነፍ ያደርጋል ማለት ስህተት አይደለም? ስህተት የሚሆነው ሁሉንም በአንድ ሚዛን ከመዘንን ነው። ምንም መነሻ የሌለው ሰው ጥረቱን የሚያኖርበት ቦታ እንኳ የለውም፤ ማሽኑ መጀመሪያ ያን ቦታ ይከፍትለታል። ችግሩ ከዚያ በኋላ አለመልቀቁ ነው።

ከዚህ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው። ጥረትን መለኪያ ካደረግን፣ መዳንን የብርታት ሽልማት፣ አለመዳንን ደግሞ የስንፍና ምልክት አላደረግንም ወይ? ለታመመ ሰው «በርታ» ማለት የሚቀናን ሕዝብ ስለሆንን ጥያቄው ይመለከተናል። መጻጉዕ ሲጠየቅ የመለሰው ስለ ፈቃዱ አልነበረም፤ ወደሚፈውሰው ውሃ የሚያወርደው ሰው እንዳጣ ነው የተናገረው። ፈቃድ ኖሮት ረዳት ያጣ ሰው አለ። ዋጋው በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ሮቦት በሚሸጥበት ዓለም ደግሞ ብዙ ነው። ሆኖም እኔ የምለካው ድርጊቱ የማን እንደሆነ ነው፣ የሰውየውን ዋጋ አይደለም። ጥረት የግድ እግር ውስጥ መገኘትም የለበትም። ከወገቡ በታች ፈጽሞ የማይታዘዝለት ሰው ሪዎክ የተባለውን ሮቦት ለብሶ ሲሄድ፣ ክራንቹን ቀድሞ ይተክላል፣ ደረቱን በትንሹ ወደፊት ያዘነብላል፤ ሴንሰሩ ያን ዝንባሌ ሲያገኝ ሞተሩ አንድ እግር ያነሳል። ሚዛኑን መጠበቅ የሰውየው ነው፣ ለመልመድም ሳምንታት ይፈጃል። ጥረቱ ከእግር ወደ ደረትና ክንድ ተዛውሯል እንጂ አልጠፋም።

መራመድን ለምን ታመልኩታላችሁ የሚሉ አካል ጉዳተኞች ግን ከእኔ ይልቅ እውነት አላቸው። የሪዎክ ፈልሳፊ እስራኤላዊው አሚት ጎፈር ራሱ እ.ኤ.አ. በ1997 በደረሰበት አደጋ እጅና እግሩ ሽባ የሆነ ሰው ነው። ክራንች መያዝ ስለማይችል በሠራው ሮቦት ሊራመድበት አልቻለም። ቆይቶ ለራሱም የሚሆን፣ ሰውን አቁሞ የሚያስኬድ ባለሞተር ወንበር ሠራ። ወንበሩ ላይ አንድም እርምጃ የለም። ወዴት እንደሚሄድና መቼ እንደሚቆም የሚወስነው ግን እሱ ነው፤ ከላይ ያስቀመጥኩት መለኪያም የጠየቀው ይህንን ነው።